የንጉሡ ብስክሌት ዳግመኛ እንዳይመጣ

ዋለ ቀናተኛ ነው። ይኸን የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። «እኔ? እኔ እኮ ጠንቃቃ ነኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። ደግሞም ይጠረጥራል! ሚስቱ የሺእመቤት እሱ ከሚሠራበት ብስክሌት መጠገኛ ጎን ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ሁለተኛ ሻይ ያዘዘ ወንድ ካለ ዋለ ሥራውን ትቶ የሰውየውን ፊት ያጠናል። ሦስተኛ ካዘዘማ በቃ፣ ያ ሰው ጠላቱ ነው።

ከክረምት ወዲህ የያዘው ጠላት ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ንጉሡ ይባላል፤ የደጎሎ ከተማ ልጅ ነው፣ የስፖርት መምህር። ኩዌት የምትሠራው እህቱ ምህረት በላከችለት ገንዘብ ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ገዝቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሲበርበት ያየው ሁሉ አፉን ይከፍታል። ወጣት ነው፣ ቁመናው ያምራል፣ ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት ነው። ይኸ ሁሉ ይቅር። ዋለን «ጋሽ ዋለ» እያለ «እርስዎ» ይለዋል፤ የሺእመቤትን ግን «የሺዬ»! እሱን ሽማግሌ፣ እሷን እኩያው አደረጋት ማለት አይደል?

ብስክሌቱም አርፎ አይቀመጥም። ዛሬ ማርሽ አልገባ አለ፣ ነገ ማርሽ ዘለለ፣ ከነገ ወዲያ ዳገት ላይ ከበደ። ዋለ ጎንበስ ብሎ ሲያስተካክል ንጉሡ በርጩማውን ወደ የሺ ይስብና ያንሾካሽካል። ዋለ ቀና ሲል ሁለቱም ዝም! ባል ቀና ሲል ዝም የሚያሰኝ ምን ወሬ አለ?

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው መሐሙድ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ይወዳል። «ወላሂ ዋለ፣ ይኼ ብስክሌት ሕመምተኛ ነው? ወይስ ሕመምተኛው ጌታው ነው?» ብሎ እየሳቀ ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል። ዋለ አልሳቀም።

ምን ያድርግ? ሰውየውን ቢደበድበው የልጆቹ መምህር ነው። አትምጣ ቢለው የሺ «ምን ሆነህ ነው?» ትለዋለች፤ ምን ብሎ ሊመልስ? ኅዳር ሲያልቅ መላ መጣለት። ሰበቡን ቢያጠፋበትስ? ብስክሌቱ ካልተበላሸ በምን አሳቦ ይመጣል! እስከዛሬ ጠበቅ ላላ እያደረገ ነበር የሚሸኘው፤ አሁን ነገሩን ከሥሩ ሊነቅለው ቆረጠ። ጥፋቱ የማርሹ ካቦ ነበር፣ ከመሪው እጀታ ተነስታ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ማርሹን የምትስበው ቀጭን ሽቦ። አርጅታለች። አዲስ ካቦ ከነሽፋኑ ከደሴ አስመጣ፤ ንጉሡንም «ጥለኸው ሂድ፤ ነገ ትወስደዋለህ» አለው። ንጉሡ ወደ የሺ አየ፤ የሺም ወደ ንጉሡ። ዋለ ጥርሱን ነከሰ።

መጀመሪያ ካቦዋ እንድትላላ ሰንሰለቱን ከኋላ ትንሿ ባለጥርስ ክብ ላይ አወረደ። ብሎኑን ፈትቶ በእጀታው በኩል ሲስባት መንገድ ላይ እምቢ አለች። እጀታውን ከፍቶ ቢያይ፣ ጉድ! ክሮቿ ተበጣጥሰው እንደ እሾህ ቆመዋል፤ የቀረችው በአንድ ሁለት ክር ተንጠልጥላ ነው። በወረንጦ እየለቀመ አወጣቸው። አንዱ ጣቱን ሲወጋው «እሰይ!» አለ፤ በሽታው ተገኘ። አዲሱን ሽፋን ለክቶ ቆረጠ፣ አዲሷን ካቦ ዘይት አስነክቶ አስገባ፣ ብሎኑን አጠበቀ። አዲስ ካቦ ሲነዱባት እንደምትላላ ስለሚያውቅ በእጁ ደጋግሞ ወጠራት፤ የምትላላ ከሆነ እዚሁ ትላላ፣ ሰውየውን እንዳትመልስበት! ከዚያ እንደገና አጠበቃት። ማርሾቹን ከላይ እስከ ታች ሞከረ፣ የካቦዋም ጫፍ እንዳይበተን ክዳን አጠለቀላት። ለሚወደው ሰው እንኳ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።

በማግስቱ ንጉሡ ነድቶ ሞከረው። «ጋሽ ዋለ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው! ሌላ ብስክሌት ሆነ እኮ!»

«በል ደህና ሁን። እንግዲህ እዚህ ምንም ሥራ የለህም» አለው ዋለ። ያን ሌሊት ለጥ ብሎ ተኛ። ከዚያ በኋላም ንጉሡ ዝር ሳይል ሰነበተ፤ ዋለም ሥራው ላይ ማንጎራጎር ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ንጉሡ ከች አለ። በእግሩ! ብስክሌት የለም፣ ሰበብ የለም፤ ቀጥ ብሎ ወደ የሺ። የዋለ ዓይን ደም ለበሰ። ፒንሳውን እንደያዘ ተነሳ።

«አንተ! አሁን ደግሞ ምንህ ተበላሸ?»

ንጉሡ ደንግጦ ወደ የሺ ዞረ። «አልነገርሻቸውም እንዴ?»

የሺ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አንተው ተናገር፤ ይስማ።»

«ምህረት ደውላ ነበር» አለ ንጉሡ። «የኩዌት ቪዛሽ ወጥቷል፣ የሺዬ። ከገና በኋላ ትሄጃለሽ። ሥራው እሷ ሰፈር ነው፤ አሠሪዎቹ ደህና ሰዎች ናቸው ብላለች።»

ዋለ መጀመሪያ የተሰማው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እፎይታ! ሰውየው ውሽማ አይደለም። ቪዛ የሚለው ቃል ዘግይቶ ገባውና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ምነው ውሽማ በሆነ! ውሽማ ይደበደባል፣ ሽማግሌ ፊት ይከሰሳል። ኩዌትን ማን ይደበድባል?

«የሺ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንቴ ጀመርኩልህ! ገና ‹ንጉሡ› ከማለቴ እሳት ጎርሰህ እሳት ትለብሳለህ። ልጆቹ አደጉ፤ በሻይና በፓስቲ አይገፋም፣ ዋለ። አንተ ሰውየውን ስታይ ከረምክ፤ ምን ለበሰ፣ ስንት ጠጣ፣ በየት ወጣ። እኔን አንዴ አይተኸኛል?»

«አንቺንማ መቼ ከዓይኔ አጥቼሽ አውቃለሁ!»

«እንግዲያ ሐብሌ የት አለ?»

ዋለ አንገቷን አየ። ማተቧ ብቻ ነው ያለው። በሠርጋቸው ቀን በገዛ እጁ ያጠለቀላት የወርቅ ሐብል የለም።

«ለጉዞው ሸጥኩት» አለች የሺ፤ አልጮኸችም። «መስቀል ሳይገባ።»

ያን ዕለት ታኅሣሥ ጋምሶ ነበር።