ደጀን ላይ የተቆጠሩ መኪኖች

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። የጤፍ ብናኙ ገና ይሸታል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ። ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። ከይጁቤ የመጡ በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አድርገሽ ነው፣ ልጄ?»

«ተማሪዎቼን መኪና አስቆጥሬ።»

ቀልድ መሰላቸው። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ስለ ትራንስፖርት ከመጽሐፍ ብቻ ከሚማሩ ብዬ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ደጀን ወስጄ ከአስፋልቱ ዳር አስቀመጥኳቸው። በየቡድናቸው አውቶቡሱን፣ አይሱዙውን፣ ባጃጁን በጭረት መዘገቡ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ወረቀቶቹም እኔም ከቤቴ ተወሰድን።

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«ልጄን ይፈልጉታል። እሱ እስኪመጣ እኔ።»

የት እንዳለ ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

በየረፋዱ ስም ይጠራል። አንዳንዷ ትመለሳለች። ባልተመለሰችዋ ቦታ ላይ ማንም አይተኛም።

በአምስተኛው ቀን እኔ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ተቀመጪ፣ ቲቸር።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ብቻ አለ። «ሌላ» በሚለው ረድፍ ላይ በጥንቃቄ ተጽፏል፦ የወታደር መኪና። ከጎኑ አሥራ አንድ ጭረት።

«የማን ጽሕፈት ነው?»

አውቀዋለሁ። ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ያየችውን ሁሉ ካልጻፈች የማይሆንላት ልጅ ናት።

«የቡድን ሥራ ነው» አልኩ።

«የጻፈውን ልጅ ስም ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ቤቴ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ትጠብቀኛለች። ዐይኔን ከእሱ ለማሸሽ ወረቀቱን ሳይ፣ ግርጌው ላይ «የመምህር ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር አየሁ። ለማረም ጊዜ አላገኘሁም ነበር።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ስሙን የምጽፍለት መስሎት ሰጠኝ። ፈረምኩ። እስክሪብቶውን መለስኩለት።

«ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ሥራው የእኔ ነው።»

ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። «እሺ» አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ። የይጁቤዋ እናት አንድ ረፋድ ተጠርተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ ያለ ክስ ተለቀቅሁ። ቤት ስደርስ ልጄ ከአባቷ ኋላ ተደበቀች።

አሁን ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ አስተምራለሁ። ያቺ ተማሪ በቀደም ገበያ አገኘችኝና እየሮጠች መጥታ ሳመችኝ።

«ቲቸር፣ ያኔ ታመው ነው የቀሩት ብለውን ነበር። ተሻለዎት?»

«ተሽሎኛል» አልኳት።

ከክፍሌ መስኮት ሥር መኪና ሲቆም ግን ጠመኔው እጄ ላይ ይቀራል። ተማሪዎቼም አብረውኝ ዝም ይላሉ። ለምን እንደሆነ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።