ናፍጣ የማይጠጣው ወፍጮ

ሴትዮዋ የተቃጠለ ሞተር ትጠቀልላለች። የነደደውን ሽቦ ነቅላ፣ አዲሱን ዙር በዙር ታስገባለች። በሙያዋ አትታማም።

ታላቅ ወንድሟ የቦቴ ሹፌር ነው፤ ከወደብ ናፍጣ ያመላልሳል። በዚያ ዓመት ወደቡ ተጨናንቆ ተዘጋና ቦቴዎቹ ሦስት ሳምንት ቆሙ። የከተማው ወፍጮም በናፍጣ የሚሠራ ነበርና ጸጥ አለ።

ባለወፍጮው ሱቋ ገብቶ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። "እህል ሞልቶ ዱቄት የለም። እንዲህ ያለ ጉድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እሷ ግን ጥግ የተጣለ አሮጌ ሞተር ላይ አፍጥጣለች። ሞተር በመብራት እንደሚዞር ሁሉ፣ በውሃ ቢያዞሩት መብራት ይሰጣል። ከወፍጮ ቤቱ በታች ደግሞ የመስኖው ቦይ ቁልቁል ይወረወራል። ብድግ ብላ ሞተሩን ከጥጉ ጎተተችው።

አሥራ ሁለት ቀን ጠቀለለች፤ አሮጌውን መብራት እንዲሰጥ፣ ሌላ ሞተር ደግሞ በናፍጣው ፈንታ ድንጋዩን እንዲያዞር። ጎረቤቷ የሆነው ብረት በያጅ ቱቦ ሰንጥቆ መንኮራኩር ሠራላት። ወንድሟ ባዶ ቦቴውን አቁሞ መጣና ሳቀ።

"ከሰው እጅ ልንላቀቅ ነው አሉ። ሽቦው ከውጭ፣ ኩሽኔታው ከውጭ፤ ምኑን ተላቀቅሽው?"

"ጋሼ፣ ሽቦውን አንዴ ገዛሁት፣ ዓመታት ያገለግለኛል። ያንተ ናፍጣ ዛሬ መጥቶ ዛሬ ነዶ ያልቃል። ንግዱን መች ጠላሁ? ወደብ በተዘጋ ቁጥር እጄን አጣጥፌ መቀመጡን ነው እንጂ።"

"እኔንስ ከሥራ ገበታዬ ልታፈናቅዪኝ ነው?"

"አንተን ደግሞ ማን ሥራ ያሳጣሃል!"

ውሃው ሲለቀቅ የወፍጮ ቤቱ አምፖል ቀላ፤ ከዚያ ቦግ አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ወፍጮው ሲያያዝ ግን ድርግም። ጭብጨባውም አብሮ ጠፋ። እሷ ነጠላ ጫማዋን እዚያው ጥላ ወደ ሱቋ በረረች፤ ሸክም ሲበዛ መብራቱ እንዳይወድቅ የሚደግፉ ሁለት ካፓሲተሮች ይዛ ተመለሰችና ጨመረችበት። እንደገና ለቀቁት። ድንጋዩ አጉረመረመ፣ ተንገዳገደ፣ ዞረ። የመጀመሪያውን ጆንያ የገለበጠው ወንድሟ ነበር፤ ፊቱ በዱቄት ነጥቶ እንደ ልጅ ይስቃል።

አገሩ ሁሉ ከናፍጣ ተላቀቀ ማለት አይደለም። ወደቡ ሲከፈት ቦቴዎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወፍጮው ግን ከዚያ ወዲህ አልጠበቃቸውም።

በሁለተኛው ወር ከድንበር ማዶ አንድ ባለወፍጮ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ድንጋዩን እያየ ብዙ ቆመ።

"ለእኔም ሦስት ሥሪልኝ፣ እህቴ። በአገሮቻችን መካከል ቀረጡ ተነስቷል፤ ምን ያግደናል?"

ሦስቱን ሞተሮች በተከራዩት መኪና የጫነው ወንድሟ ነው። እሷም ከጎኑ ተቀምጣ የድንበሩን ኬላ ተሻገረች። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ በር ዕቃ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየችም ነበር።