ባቡሩ ሲያልፍ ሬዲዮው ያለው

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጅ ልጄ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ፣ «እማማ፣ አያታችን እውነት ሻምፒዮን ነበር? ስሙን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት እኮ» አለኝ። እህቱ ደግሞ፣ «በምን ይሆን ሻምፒዮን የሆነው፣ በእንቅልፍ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሷ የምታውቀው ወገቡን ይዞ ወንበር ላይ ያንቀላፋ የነበረውን ሽማግሌ ነው፤ ምን ታድርግ። ከዚያ ሁለቱም «በይ እንጂ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ፣ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ።

ባለቤቴ ክብደት አንሺ ነበር። ኳስ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማውራት ባላስፈለገኝ።

ቤታችን አቃቂ ጣቢያ አጠገብ፣ ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ነበር። ከሐዲዱ ጋር ግድግዳ እንጋራ ነበር ማለት ይቻላል። ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን ባቡሩ ሲመጣ መሬት የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ነጠላዬን ጥዬ ደጅ ወጥቻለሁ። የባለቤቴ አባት አብረውን ነበር የሚኖሩት፤ እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ግቢ ልጄ፣ የእቃ ባቡር ነው» አሉኝ። ውሎ አድሮ ለመድኩት። በዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ አንድ ልማድ አለው፤ ባቡር ሲመጣ ወሬውን ቃሉ መሐል ላይ ያቆማል፣ ፉርጎው አልፎ ሲያልቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ተጣልተን እንኳ ስድቡን አቁመን እንጠብቃለን። እንግዳ የመጣ ለታ ብቻ ነው ነገሩ የሚያስቀው፤ እሱ እየጮኸ ያወራል፣ እኛ ዝም ብለን እናየዋለን።

ባለቤቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ሐዲድ ሲነሳ ጠሪ የሚባል ሰው አለ። ጠሪው ራሱ አያነሳም፤ ዳር ቆሞ፣ «ያዝ... ያዝ... ሆ!» ሲል ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ብድግ ያደርጉታል። አንዱ ከቀደመ የሌላው ጣት እዚያው ይቀራል። የእነሱ ቡድን ጠሪ የባለቤቴ የልብ ጓደኛ ነበር፣ ከሲታ፣ አፉ የማያርፍ። ሁለቱ ናቸው ከአንዲት የተሰበረች የእጅ ጋሪ ዘንጓን ከነብረት ጎማዎቿ ፈትተው ጓሯችን ያመጧት። ክብደት መጨመር ሲፈልጉ የሐዲድ ቁራጭ በሽቦ ያስሩባታል። ባለቤቴ እጁን በአመድ አሽቶ ያጎነብሳል፣ ያኛው ደግሞ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠራል። ጠሪ ካልጠራ አያነሳም ነበር። «ብቻዬን ሳነሳ ብረቱ አይታዘዘኝም» ይለኛል።

አባቱ በረንዳ ላይ ሆነው ያያሉ። እሳቸው በጉልምስናቸው ዘመን ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሳልፉ ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተውም ኮፍያቸውን ከራሳቸው አያወርዱም።

«ልጄ፣ ይሄን ብረት የት ልታደርሰው ነው?»

«የትም አባባ። አነሳውና አስቀምጠዋለሁ።»

«እዚያው?»

«እዚያው።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ምን አስነሳህ?»

ጠሪው በሳቅ ይንከባለላል። ባለቤቴ ግን አይስቅም። ማታ ጋደም ስንል፣ «አባባ አንድ ቀን ጎበዝ ቢሉኝ ምን ነበረበት» ይለኝ ነበር። ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። ደሞዝ ይጨመርልኝ አላለም፣ ሹመትም አላማረውም። አባቱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኔን እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። ብቻ በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ሐዲድ ቀያሪ ሆነው የኖሩ ናቸዋ። ከደብረ ዘይት ስልክ ካልተደወለ ባቡሩ አልተነሳም፤ ጭሱ ቢታይም አልተነሳም። ጡረታ ሲወጡ በስልኩ ፈንታ ሬዲዮኑን ያዙ። ጎረቤት ሞተ ቢሏቸው እንኳ፣ «ሬዲዮ ብሎታል?» የሚሉ ሆኑ።

እንግዲህ አንድ ክረምት መግቢያ ላይ የአገሪቱ የክብደት ማንሳት ውድድር መሃል ከተማ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። እኔ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስለነበር አልሄድኩም። ማምሻውን ሁለቱም በዝናብ በስብሰው መጡ። ባለቤቴ አንገቱ ላይ የአንደኝነት ሜዳሊያ አለ፤ ጠሪው ድምፁ ተዘግቶ እንደ ተቀደደ ከበሮ ነው የሚያወራው።

«ዳኛው አስወጡኝ እኮ!» አለ፣ ገና በሩን ሳያልፍ። «ሰውዬ፣ እዚህ ሐዲድ የለም፣ ጩኸትህን ይዘህ ውጣ አሉኝ። ወጣሁ። ይሄ ደግሞ ብረቱን ይዞ ቆሞ በር በሩን ያያል፤ አያነሳም። ምን ላድርግ? በመስኮት ዞርኩና ያዝ... ያዝ... ሆ! አልኩታ! አነሳዋ!»

የዚያን ቀን ትልቅ የኳስ ግጥሚያ በዝናብ ምክንያት ተቋርጦ ኖሮ፣ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የሚገባበት አጥቶ እዚያ አዳራሽ ተጠልሏል። የመስኮቱን ጩኸት ሲሰማ ሳቁ አላስችል ብሎት መቅረጫውን ከፍቶ መጣ። ባለቤቴን አናገረው፤ ስሙን ከነአባቱ አስጠራው፤ «ነገ ማታ በስፖርቱ ሰዓት ይተላለፋል» ብሎትም ሄደ።

አባባ ሜዳሊያውን ተቀብለው መብራቱ ስር አገላብጠው አዩት።

«ሬዲዮ ብሎታል?»

«ነገ ይላል አባባ። ድምፄን ቀድቶ ወስዷል።»

«እንግዲያስ ነገ እንሰማዋለን» አሉና ሜዳሊያውን መለሱለት። ቀዝቀዝ ብለው አይደለም፤ እንዲያውም በማግስቱ ጠዋት የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥተው፣ እንዲጠነክሩ ፀሐይ ላይ ሲደረድሯቸው አየሁ። ደመና በመጣ ቁጥር ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ሲገልጥ መልሰው ያወጣሉ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ይህን ነግሬው፣ ፊቱን ማየት ነበር።

ማምሻውን ቤቱ ጢም አለ። ጠሪው ከነሚስቱ መጣ። ጣቢያው በር ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን ዘንቢሏን እንደያዘች ገባች። ባለቤቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ተቀመጥ ብንለው እንቢ አለ። አባባ ሬዲዮኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጆሯቸውን ለጠፉበት። የማታው የእቃ ባቡር በጊዜው ቢሆን ኖሮ ቀደም ብሎ ያልፍ ነበር። ሳያልፍ መቆየቱን ግን ማናችንም አላሰብነውም። ሬዲዮኑን ይዘን ወንዙ ማዶ፣ ባቡር የማይሰማበት ዘመድ ቤት መሄድ እንችል ነበር እኮ። ግን እኛ ለባቡር ዝም ማለት የለመድን ሰዎች ነን፤ ሬዲዮኑም የሚጠብቅ ነው የመሰለን።

የስፖርቱ ሰዓት ገባ። መጀመሪያ የውጭ አገር ወሬ ተወራ። ቀጥሎ ስለ ሯጮቹ ዝግጅት ተነገረ። ከዚያ ሰውየው፣ «አሁን ደግሞ በድምፅ ቀድተን ወደያዝነው እናልፋለን» አለ። ጠሪው የባለቤቴን ትከሻ ጨመቀው። ያን ጊዜ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ መንጫጫት ጀመረ።

ባቡሩ ሽቅብ ወደ ለገሃር የሚሄድ፣ ጭነቱ የበዛ ነበርና እያዘገመ ነው የሚያልፈው። ፉርጎው አያልቅም። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። አባባ ሬዲዮኑን አንስተው ጆሯቸው ላይ ጨፍልቀውታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባለቤቴ በበሩ ወጥቶ ባቡሩን አየው፤ ተመልሶ ገባ። ምን ይለዋል? ቁም አይለው። ሁላችንም እንደ ልማዳችን ዝም ብለን ጠበቅነው። የመጨረሻው ፉርጎ አልፎ ፀጥ ሲል ሬዲዮኑ ሙዚቃ እየዘፈነ ነው።

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው ጎረቤታችን ናት። «ሰማሁት! ስሙን ከነአባቱ ነው የጠራው!»

«በየት በኩል ሰማሽው?» አላት ጠሪው። «እኔ ከአንቺ ይልቅ ለሬዲዮኑ እቀርባለሁ።»

«አንተማ ስትጮህ ኖረህ ጆሮህ ሞቷል። ሰማሁ አልኩ፣ ሰማሁ! ይቺ ጆሮዬ ትርገፍ!»

አባባ ወደ እሷ ዞሩ። «የአባቱን ስም ምን አለ?»

እሷም የአባባን ስም ጠራች። እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባባ ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ባቡሩን ነው የሰማሁት» አሉ። ሬዲዮኑን ዘጉት። ድንጋዩ እንዳያልቅ ነው።

ባለቤቴ እኔን አየኝ። «አንቺስ?»

«እኔም ባቡሩን ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

በማግስቱ ከጣቢያው ስልክ ወደ ሬዲዮው አስደወለ። ያነሳችው ልጅ፣ «የትኛው ስፖርት?» ብላ ጠየቀች፤ ክብደት ማንሳት ሲላት፣ «ተላልፎ ይሆናል፣ እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት አይመዘገብም» አለችው። ጋዜጠኛው ክፍለ ሀገር ሄዷል ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት ባቡሩ በጊዜው አለፈልንና ዝግጅቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማን። ኳስ ተወራ፣ ደግሞ ኳስ ተወራ፣ ሩጫ ተወራ። ሊያበቃ ሲል ሰውየው፣ «በሌሎች የስፖርት ዓይነቶችም ውድድሮች ተካሂደዋል» አለና ደህና ሁኑ አለን።

አባባ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። ሲያሾፉ አልነበረም፤ የእውነታቸውን ነው የጠየቁት።

«ሌሎች ያለው አንተን ነው?»

ባለቤቴ ተነሳ። ጓሮ ወጣ። ዘንጓን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ጠሪ አልነበረውም።

አባባ በሦስተኛው ልጄ ክርስትና ሰሞን አረፉ። ጎበዝ አላሉትም። «አልሰማሁም» እንጂ «አላደረግክም» ብለውትም አያውቁም፤ የእሳቸው ነገር ስልኩ ያልተደወለለት ባቡር ሆኖ ቀረ። እኔ በመሐል ሆኜ ለእሳቸው ስለእሱ፣ ለእሱ ስለእሳቸው ስናገር ኖርኩ፤ ወሬዬ ግን የሬዲዮን ያህል አይከብድም። ባለቤቴ ጥቂት ጊዜ አንስቶ ወገቡ እንቢ ሲለው ተወ። ስለ ብረት ማንሳቱ የጠየቀው ጋዜጠኛ ዳግመኛ አልመጣም፤ በጋዜጣም አንዲት መስመር አላየንም።

እሱ ግን የጎረቤታችንን ቃል ይዞ አረጀ። ሰው ስለ ድሮው ሲያነሳበት፣ «በሬዲዮ ተነግሯል፤ ባቡር ጮኸበት እንጂ» ይል ነበር። ባቡሩ ራሱ መምጣት ከተወ በኋላ፣ በሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎ ፍየል ሲግጥበትም እንደዚያ ነበር የሚለው። ሲሞትም ይህንኑ እያለ ነው።

እሱ ካለፈ በኋላ ከልጄ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ አንድ ጡረተኛ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ሲቀዱና ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ እንሞቃለን። አንድ ቀን እንዲሁ ወሬ ሲያመጣው ነገሩን አነሳሁባቸው። ያስታውሳሉ ብዬ አይደለም።

«ቆይ እትዬ» አሉኝ። «በመስኮት የሚጮኸው ሰውዬ? ያዝ፣ ያዝ እያለ?»

«አዎ! እሱ!»

ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ነው የሳቁት። ድምፁን ከውድድሩ ማግስት ጠዋት ቢሮ ውስጥ ደጋግመው ሰምተውት ነበር። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። በዚያ ጊዜ የድምፅ መቅጃ ክር እጥረት ነበረ አሉኝ። በዝናብ የተቋረጠው ኳስ በማግስቱ ከሰዓት እንደገና ተካሄደ፤ ባዶ ክር ስለጠፋ አለቃቸው የክብደቱን ክር አምጡ አላቸው፣ ኳሱንም በራሳቸው እጅ እሱው ላይ ቀዱት። ባቡሩ በደጃችን ሲያልፍ ሬዲዮው ያሰማ የነበረው ያንን ኳስ ነው።