አባቴ ጮክ ብሎ ሲያስብ

አርፌ መቀመጥ አልችልም። እግሬ ይወዛወዛል፣ እጄ የሚነካካው አያጣም። የእኔ ነገር ሆኖ ግን እዚህ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኘሁት የጥናት ረዳትነት ሥራ ሰው ሲያስብ ከኋላው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። ተሳታፊው ጥያቄ ይሰጠዋል፤ እየፈታ በልቡ የሚመላለሰውን ሁሉ ሳይመርጥና ሳያሳምር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እኔ እቀዳለሁ። ዝም ካለ "እባክዎ መናገርዎን ይቀጥሉ" እላለሁ፤ ሌላ ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። ከኋላ የምቀመጠውም ፊቴን ካየ ለእኔ ማስረዳት ስለሚጀምር ነው። ማስረዳትና ማሰብ አንድ አይደሉም ይላሉ።

የአማርኛ ተናጋሪዎች ተራ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እየተባለ ያደገ ሰው ያልበሰለ ሐሳብ እንዴት አድርጎ ያውጣ? ያቀረቅራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። በመጨረሻ ቀና ብለው ያለቀለትን መልስ እንደ ሽማግሌ ፍርድ ያሰሙኛል። አንድ ጋሼማ ዞር ብለው "አንቺ ልጅ፣ ሳላስብ ልናገር ነው የምትዪኝ?" ብለው ተቆጡ። ጥናቱን የምትመራው ፕሮፌሰር ቅጂዎቹን አስተርጉማ ካየች በኋላ "ይሄ ንግግር ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም" አለች። ተናደድኩ፤ ይበልጥ ያናደደኝ እውነቷን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኢስትሙር ሰፈር ባለው ቤታችን አባቴን መለማመጃ ላደርገው ወሰንኩ። አባቴ እዚህ ከተማ ዕድሜውን በሹፍርና የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ቢወጣም ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣቱን ለማንም አይሰጥም። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘረጋሁለት፤ ከቤት ተነስቶ መሐል ከተማ ዳውንታውን የሚታከምበት ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ክሊንተንቪል ሰፈር ደርሶ የሚመለስበትን መንገድ እንዲያስብ ነገርኩት።

"ብቻህን እንዳለህ ሆነህ አውራ" አልኩት።

"ብቻውን የሚያወራማ እብድ ነው" ብሎ ሳቀ።

ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ ከኋላው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አስተማረኝ፤ "እየውልሽ፣ ብሮድ ስትሪትን ትይዢና..." እያለ። ከኋላው ድምፄን ሲያጣ ቀስ በቀስ ረሳኝ፤ ድምፁም ዝቅ አለ።

"ዳውንታውን ደረስኩ። አሁን ሃይ ስትሪትን ወደ ሰሜን... በሌፍት ነው በራይት? ቆይ። ቆይ እስቲ። ያን ቀንም እንደዚህ ነው ያደረገኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ እዚሁ ሰፈራችን ጥግ። ፓርክ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ 'ግራንድፓ፣ አር ዊ ሎስት?' አለችኝ። ኧረ አልጠፋንም፣ ትራፊክ ነው አልኳት። እናቷ ባትሰማ ይሻላል..."

ዝም አለ። ሥራዬ የሚፈቅድልኝን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ይቀጥሉ የምትለዋን፣ አልተናገርኳትም። ፈራሁ። ልጄ መኪናው ውስጥ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ አባቴ ነው። ብድግ አልኩ፣ የቧንቧውን ውኃ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ተመልሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ሲያየኝ ወዲያው ቀና አለ። "ጨርሻለሁ፤ ቀላል ነው" አለና መንገዱን አንድም ሳይሳሳት ከመነሻው እስከ መመለሻው አንበለበለልኝ።

"አባዬ" አልኩት፣ "ያን ቀን ስለ መጥፋታችሁ ያወራኸውን ሰምቻለሁ።"

ካርታውን ማጠፍ ጀመረ። እጥፋቱ አልገጥምለት አለ፤ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ከለከለኝ።

"ተቀድቷል?"

"ተቀድቷል። አጥፊው ካልከኝ አጠፋዋለሁ።"

አጥፊው ቢለኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሰኞ ልጄን ማን እንደሚያመጣት፣ መኪናውን እንዴት አድርጌ እንደምከለክለው፣ ሁሉንም ለሌላ ቀን ባሳደርኩት ነበር።

"አታጥፊው" አለኝ። "ለሐኪሙ አሰሚልኝ። እሱ ሲጠይቀኝ እኮ ደህና ነኝ ነው የምለው።"