የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች

ሲይዙኝ መጀመሪያ የወሰዱት ስልኬን ነው። ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር በባጃጅ ወደ ማስተምርበት ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነበር። ሁለት የጸጥታ ሰዎች አስወረዱኝ፣ ኪሴን ፈተሹ፣ ከዚያ ነቀምቴ ዳር ወዳለ የድሮ እህል መጋዘን ወሰዱኝ። በሩ ሲከፈት የላብና የነቀዘ በቆሎ ሽታ ተቀበለኝ። አሥራ አንድ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ ያየኝም ጥቂት ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ከአርጆ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል፣ ፊደል አልቆጠሩም። የታሰሩት ልጃቸው ተፈልጎ ሲጠፋ በእሱ ፈንታ ነው። በዕድሜያቸው ምክንያት በቅርቡ ይለቀቃሉ ስለሚባል የክፍሉ ሰው ሁሉ ተስፋውን የጣለው በእሳቸው ላይ ነበር። ቤተሰቦቻችን የት እንዳለን አያውቁም። ወረቀትና እስክሪብቶ የለንም፤ ቢኖረንም የሚወጣ ሰው ይፈተሻል። ስለዚህ ሽማግሌው የሁላችንንም ቤተሰብ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይዘው ሊወጡ ነው።

እውነቱን ለመናገር አላመንኩም። የሒሳብ መምህር ነኝ። በማታው ትምህርት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን ኋላ ወንበር ላይ የማስቀምጥ ሰው ነበርኩ፤ ጭንቅላታቸው ደርቋል፣ ከእንግዲህ ምን ይገባቸዋል ብዬ።

"ያ ባርሲሳ፣" አሉኝ፤ መምህር መሆኔን ከሰሙ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። "የሚስትህን ቁጥር ስጠኝ።"

አፌን ከፈትኩ። አላውቀውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስደውልላት የምነካው ስሟን ነበር። ስምንቱ አሃዞች መጡልኝ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን የሉም። ሰው ሁሉ እያየኝ የሚስቴን ቁጥር አላውቅም ማለት አቃተኝ። ሁለት አሃዝ ፈጥሬ ጨመርኩበት።

የምንተኛው በፈረቃ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ደንዝዘን እንነሳለን። እንዲያም ሆኖ ከቆጠራ በኋላ ልምምዱ አይቀርም። ሽማግሌው እያንዳንዳችን ቁጥራችንን እንድንጠራ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግሙታል። እንዴት እንደሚይዙት ጠየቅኳቸው።

"የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ፣" አሉ። "ሰው ሲሞት የማንንም ቤት መዝለል የለብኝም። እናንተንም ከነቁጥራችሁ እያንዳንዳችሁን አንድ አንድ ቤት በር ላይ አስቀምጫችኋለሁ። ስፈልጋችሁ በሐሳቤ በዚያ አልፋለሁ።"

"ከልጅነትዎ ጀምሮ እንዲህ ነበሩ?"

"እኔ? ዝንጉ ነበርኩ እንጂ! ሥራውን የሰጡኝ ስልሳ ከሞላኝ በኋላ ነው። ጠዋት ከመኝታዬ ሳልነሳ ቤቶቹን አንድ በአንድ እዞራቸዋለሁ። አንድ ሳምንት ከተውኩት ይጠፋብኛል።"

በአራተኛው ቀን ወደ እኔ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያ ባርሲሳ፣ የትናንቱ ቁጥርህ መጨረሻው ሌላ ነበር።"

የፈጠርኳቸውን አሃዞች ራሴ ረስቻቸው ኖሯል። ፊቴ ጋለ። "አላውቀውም፣ አባባ። ስምንቱን ብቻ ነው የማውቀው።" ማልቀሴ ያሳፍረኝ ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

አልሳቁብኝም። "የጎደለው ሁለት ከሆነ ስንት ዓይነት ይሆናል?"

"መቶ።"

"የእኛ ዕድር መቶ ሃያ ቤት ነው። ሂንያዳኢን።" አታስብ ማለታቸው ነው።

እሷ መሆኗን የሚያውቁበት ምልክት ሰጠኋቸው። ባልሽ በሩን በምን ያንኳኳል ብለው ይጠይቁ፤ በጫማው ካለች ሚስቴ ናት። እጄ ሁልጊዜ በተማሪ ደብተር የተሞላ ነው።

በሳምንቱ ሽማግሌው ተጠሩ። ጋቢያቸውን አጥፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ጫማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። በር ላይ ጠባቂው "ምን ይዘሃል?" አላቸው። "ምንም" ብለው ሁለት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። የጋቢው ጥለት ሳይቀር ሲፈተሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ቤቶቹን እየዞሩ እንደሆነ እኛ ብቻ አወቅን።

እኔ የተለቀቅኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሚስቴ ምሳ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ለጣቢያ ስትዞር፣ ሁሉም ጋ የለም ስትባል ከርማለች።

"አንድ ሽማግሌ ደወሉ፣" አለችኝ። "ጤናዬን፣ ዝናቡን፣ ከብቱን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ ባልሽ በሩን በምን ያንኳኳል አሉኝ። በጫማው ነዋ አልኳቸው። ለካ ከእኔ በፊት ለስልሳ ሰባት ሰው ደውለዋል። የልጃቸው ሚስት ናት ቁጥሩን የምትነካላቸው፣ ያውም ኔትወርክ ያለ ቀን። የሰደባቸውም አለ። ግን ቁጥሬን አልሰጠሃቸውም ነበር እንዴ?"

መጋዘን ውስጥ ከተጠየቅኩት ሁሉ ይሄ ከበደኝ። ነገርኳት።

"ስልኬ ቢጠፋ፣" አለች፣ "እኔም ያንተን አላውቀውም።"

አሁን ጠዋት ከመኝታ ሳንነሳ እሷ የእኔን፣ እኔ የእሷን እንጠራለን። በተረፈ ጭንቅላቴ አልተሻለውም፤ መነጽሬን ዛሬም ስፈልግ እውላለሁ። ቶሎ ይደክመኛል። በማታው ክፍል ሃምሳ ያለፋቸው ደስ ባላቸው ወንበር ይቀመጣሉ።

ባለፈው ወር አርጆ ሄጄ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። የሚስቴን ቁጥር አሥሩንም ሳይስቱ ጠሩልኝ። የማን በር ላይ አስቀምጠውት እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"የራሴ በር ላይ ነው፣" አሉኝ። "ጎዶሎ ስለነበር ስወጣም ስገባም እንዳየው።"