አባቴ ሕዋሱን ያየ ቀን

ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረን አባቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ካንሰሩ ከአንጀቱ ተነስቶ ጉበቱ ላይ ደርሷል። ከክፍሉ ሳንወጣ ታላቅ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝና፣ «እሱ እንዳይሰማ። የአንጀት ቁስለት ነው እንለዋለን። ካወቀ በሐሳብ ነው የሚያልቀው» አለኝ። እሺ አልኩ። ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፣ ጎሮ። ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር። በሽታው እስኪይዘው ድረስ የሲሚንቶ ከረጢት በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ የነበረ ሰው፣ አሁን እኔ የምኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ያርፋል።

እኔ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ፈተና ሳርም አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ሴል ምንድን ነው?» አለኝ።

«ከየት ሰማኸው?»

«ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ከወንድምሽ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ። ሴል፣ ሴል ይላል ደጋግሞ።»

«በአማርኛ ሕዋስ ይሉታል። ሰውነታችን የተሠራው ከሱ ነው። ቤት ከብሎኬት እንደሚሠራ ማለት ነው» አልኩት። ለተማሪዎቼም የምለው ይህንኑ ነው።

ራሱን ነቀነቀ። «ብሎኬት አይበላ፣ አይጠጣ።»

«ሕዋስ ግን ይመገባል። ሲያረጅ ይሞታል። ለሁለት እየተከፈለም ይበዛል።»

«እስቲ አሳይኝ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉርድ ሾላ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ላብራቶሪው ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ከሽንኩርት ላይ ስሷን ሽፋን ልጬ መስታወት ላይ ዘረጋሁ፣ አዮዲን ጠብ አደረግኩባትና ማይክሮስኮፑን አስተካከልኩለት። ውሃ ልክ እንደሚያይ ግንበኛ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ።

«አይ! ግንብ ነው እኮ! መጋጠሚያውን ደግሞ እንዴት አድርጎ አፈራርቆታል!» አለና ሳቀ። ሆስፒታል ከገባን ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ «የእኔስ?» አለ።

በስቴኪኒ የጉንጩን ውስጥ በስሱ ፋቅ አድርጌ ሌላ መስታወት ላይ ቀባሁት፤ ሰማያዊ ማቅለሚያም ጨመርኩበት። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ተበታትኗል።»

«የእኛ እንደ አትክልት ግድግዳ የለውም። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ትታይሃለች? ኒውክሊየስ ናት። ሕዋሱ መቼ እንደሚከፈል ትእዛዙ ያለው እሷ ውስጥ ነው።»

«ፎርማኑ በያት። መቼ እንደሚቆምም የምታዘው እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ባይቆምስ?»

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይጠይቀኛል። በአንድ ቃል መልሼ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፋለሁ። ያን ቀን ግን እጄን ለመታጠብ ወደ ቧንቧው ዞርኩ።

«ተናገሪ እንጂ፣ አስተማሪ አይደለሽ?»

«ካልቆመ እብጠት ይሆናል። ከዚያ በደም ሄዶ ሌላ ቦታ ያርፋል።»

«የእኔ የት ደረሰ?»

«ጉበትህ ላይ» አልኩ ሳልዞር።

ስዞር መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ እየጠረገ ነበር። «ነቀርሳ ነዋ። እናቴንም የገደላት እሱ ነው» አለ። ስንት ጊዜ እንደቀረው አልጠየቀኝም። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ቆም አለ። «ማወቄን ወንድምሽ እንዳይሰማ። እኔን ከሐሳብ አተረፍኩ ብሎ ነው ቀና ብሎ የሚሄደው።»

እንዲህ ሆኖ ሁለቱም እርስ በርስ ይደባበቁ ጀመር። ወንድሜ ሲመጣ፣ «ቁስለቱ እየዳነ ነው፣ ፊትህ ራሱ ወዝ አግኝቷል» ይለዋል። አባቴም «አዎ፣ ቀለል ብሎኛል» እያለ ብርድ ልብሱን ጨብጦ ይቀመጣል። ሕመሙ ሲበረታ ማስታገሻውን ላምጣ ብዬ ብነሳ፣ በዓይኑ ይከለክለኛል። ወንድሜ ተሰናብቶ ደረጃውን ሲወርድ ነው እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ የሚያቃስተው። አንዳንድ ቀን ወንድሜ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ ነበር። እኔም ኩሽና ገብቼ ሰዓት አያለሁ። እውነቱን ባልነግረው ኖሮ ለማን ብሎ ሕመሙን ይችለው ነበር?

ክረምት እንደገባ፣ አንድ ጠዋት ትከሻውን እያሸሁለት አረፈ። ሁለት ቀን አስቀድሞ የንስሐ አባቱን አስጠርቶ ለብቻቸው ተነጋግረው ነበር። ወንድሜ ያንን እንኳ ለጤናው ጸሎት ነው ብሎ ነው ያመነው።

ድንኳን ውስጥ ወንድሜ ለለቅሰኛው ሁሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳያውቅ ነው የሄደው» ይል ነበር። ሰዎችም «ተመስገን» ይላሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ከአርባው በኋላ ግን አልቻልኩም። በመኪናው ወደ ቤት ሲያደርሰኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ላብራቶሪውን፣ «ጉበትህ ላይ» ያልኩትን፣ ሕመሙን እንዴት ይደብቀው እንደነበር። መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ ስቀመጥ ያመው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ሰዓት?»

መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበትና አለቀሰ። ላቅፈው እጄን ስዘረጋ፣ «ውረጂ» አለኝ። ወረድኩ። ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ዛሬም ለበዓል እንደዋወላለን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራዬ እንጠያየቃለን። ቤቴን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ረግጦ አያውቅም።