ርብን የማይሻገር መድኃኒት

ልጅ ሳለሁ፣ በ1949 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ፣ ወረታና ዙሪያዋን ከባድ ጉንፋን መታት። ከቤታችን መጀመሪያ አባቴ ተኛ፤ እሱ ሲነሣ ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ወደቀ። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ እህል መቅመስ ሲተው፣ እናቴ ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ይፋግ አጠገብ ወዳሉት መድኃኒት አዋቂ መሪጌታ አዝላው ልትሄድ ተነሣች። ርብ ያኔ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር።

የከለከሏት የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ ናቸው። ሲመሽ ከፍሙ ዳር ተቀምጠው የጓሯችንን ዳማከሴ በመዳፋቸው እያሹ፣ ጭማቂውን ለይርጋ እያጠጡና ግንባሩን እየቀቡ፣ ሁልጊዜ አንድ ተረት ያወሩልን ነበር። በተረቱ አንዲት እናት ለልጇ መድኃኒት ይዛ ወንዝ ስትሻገር፣ ውኃው መካከል ላይ ቅጠሉ እጇ ውስጥ ተራ ሣር ሆኖ ይቀራል። መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ኃይሉን ያጣል የሚባለውን በአገሩ የማያምን አልነበረም።

«እኔ የማሻግረው ልጁን እንጂ ቅጠሉን አይደለም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ጠጥቶት ሲመለስ በሆዱ አይሻገርም?»

እናቴ ትነሣለች፤ በሩን ከፍታ ጨለማውን ታያለች፤ ነፋሱ ኩራዙን ሊያጠፋው ሲል ዘግታ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ጠዋት አያ ተገኘ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ሲመጡ፣ «ልጅ ታሞብኝ እርስዎ ጭቃ ሲያቦኩ ይውላሉ» ትላቸው ነበር።

«ጥጃ ጠፍቶኝ ነው» ይሏታል።

ዳማከሴው ከቀን ወደ ቀን ሲመነምን ደግሞ እናቴ ፍየላችሁ በላብኝ ብላ ከጎረቤት ተጣላች።

ይርጋ ዳነ። ዳማከሴው ያድነው፣ ወይስ ሕመሙ ጊዜውን ጨርሶ ይልቀቀው አላውቅም፤ ምንም ሳይጠጡ የተነሡም ብዙ ነበሩ። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ «ልጄን በተረት ሊገድሉብኝ ነበር» እንዳለች ኖረች። አያ ተገኘም ያንኑ ተረት እንዳወሩ አረፉ።

ካደግሁ በኋላ ይፋግ ገበያ ላይ የመሪጌታውን ልጅ አገኘኋትና ስለዚያ ክረምት ጠየቅኋት።

«አባቴ ራሳቸው ተኝተው ነበር እኮ» አለችኝ። «ሰው እንዳይሰማ ደብቀን ነው የያዝነው። ጓሯችንን ውኃ ወስዶት ስለነበር፣ በየጠዋቱ በታንኳ ዳማከሴ ያመጡላቸው የነበሩት አያ ተገኘ ናቸው።»

«ወንዝ ተሻግሮ?»

«ተሻግሮ። ያንን ጠጥተው ተነሡ።»